ኮምፒውተር ራሱ የሚሰበስበው የቼዝ መክፈቻ መጽሐፍ የት የት ያስታል?

ነጭ ወታደሩን ዲ4 ላይ ያቆማል። ጥቁሩን የያዘው የእናንተ ፕሮግራም ነው፤ ለሰከንድ እንኳ ሳያስብ ኢ5 ብሎ ይመልሳል። ነጭ ወታደሩን በነጻ ይበላል። ጥቂት እርምጃ ቆይቶ ፕሮግራሙ ከመጽሐፉ ሲወጣና በራሱ ማሰብ ሲጀምር፣ በግልጽ ወደ ኋላ እንደቀረ ቁጥር አውጥቶ ይነግራችኋል። ስህተቱ የኢንጂኑ፣ ማለትም እርምጃውን የሚያሰላው የፕሮግራሙ ክፍል፣ አይደለም፤ ኢንጂኑ ገና አላሰበም። የተሳሳተው መጽሐፉ ነው፤ ለየአቋሙ የሚጫወተውን የመክፈቻ እርምጃ የያዘው ፋይል ማለት ነው። መጽሐፉን ደግሞ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ አልጻፈውም፤ ከተከመረ ጨዋታ ላይ በአንድ ትእዛዝ የተቆጠረ ነው።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ተቀምጦ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ የራሱን የቼዝ ፕሮግራም መሥራት አያቅተውም። ኢንጂኑ በነጻ ይገኛል፤ በወር በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጨዋታዎችን በነጻ የሚያወርዱበት ክምችትም አለ። መጽሐፉን የሚሠራው መሣሪያም ነጻ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ሥራው ቀላል መስሎ ስለሚታየው ነው። ፋይሉ ያለ ስህተት ይወጣል፣ ፕሮግራሙ ያነበዋል፣ እርምጃውም ሕጋዊ ነው። ጉድለቱ የሚታየው ጨዋታ ላይ ነው፤ ያኔም ሰው የሚወቅሰው ኢንጂኑን ነው።

የሰሌዳውን ዓምዶች ከነጭ በስተግራ ጀምረን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እንላቸዋለን፤ ረድፎቹን ከ1 እስከ 8 እንቆጥራለን። የአገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረበትም። ሰንጠረዥ የሚከፈተው በወረራ ነው፤ የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ወገን ተራ ሳይጠብቅ ይንቀሳቀሳል። ተራ ከሌለ ደግሞ «ለዚህ መልሱ ይህ ነው» ተብሎ በቃል የሚያዝ መክፈቻ አይኖርም። በቼዝ ግን ነጭ ለመጀመሪያው እርምጃ 20 ምርጫ አለው፣ ጥቁርም 20፤ አንድ አንድ ጊዜ እንደተራመዱ 400 የተለያዩ አቋሞች ይወጣሉ። የመክፈቻ መጽሐፍ ከዚህ ዱር ውስጥ የተጠረገ መንገድ ነው።

መጽሐፉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

በጣም የተለመደው ቅርጽ ፖሊግሎት ይባላል፤ የሠራው ፍሩት የተባለውን ኢንጂን የጻፈው ፋቢየን ሌቱዜ ነው። እያንዳንዱ መስመር 16 ባይት ብቻ ነው፦ 8 ባይት የአቋሙ ቁልፍ፣ 2 ባይት እርምጃው፣ 2 ባይት የእርምጃው ክብደት፣ 4 ባይት ደግሞ ለመማሪያ የተተወ ቦታ። ስለዚህ አንድ ሚሊዮን መስመር 16 ሜጋባይት ነው። ቁልፉ የሚወጣው ከ781 የዘፈቀደ ቁጥሮች ነው፦ 768ቱ ለ12 ዓይነት ጠጠር በ64 ቤት፣ 4ቱ ለካስሊንግ (ንጉሡና ሩኩ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀሱበት) መብት፣ 8ቱ ለኤን ፓሳን (ሁለት ቤት የዘለለን ወታደር በማለፊያው መብላት)፣ 1ዱ ደግሞ ተራው የማን እንደሆነ ለመለየት።

ክብደቱ እንዲህ ይሰላል፦ ያንን እርምጃ የተራመደው ወገን ያሸነፈበት ጊዜ ሁለት ተባዝቶ፣ አቻ የወጣበት ጊዜ ይደመርበታል። ሽንፈት ዜሮ ነው። ፕሮግራሙ ሲጫወት ባለበት አቋም ያሉትን እርምጃዎች ይሰበስብና በክብደታቸው ልክ ዕጣ ያወጣል። ቀሪው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ አጭር ስሌት ነው። ስሌቱ ያለፈውን ይቆጥራል፤ ተቃዋሚው ነገ ምን ሊያደርግ እንደሚችል አይጠይቅም።

አማካዩ የሚደብቀው መልስ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት። በመጀመሪያ ለምሳሌ ያህል ባወጣነው ቁጥር እንየው። አንድ እርምጃ 200 ጊዜ ተሞክሮ 130 ጊዜ አሸንፏል፣ 20 ጊዜ አቻ ወጥቷል፣ 50 ጊዜ ተሸንፏል። ውጤቱ 70 በመቶ፣ ክብደቱ 280 ነው። በጣም ጥሩ ይመስላል። አሁን ተቃዋሚው የመለሰውን እንክፈተው። በመጀመሪያው መልስ 120 ጨዋታ ተደርጎ 96 ነጥብ አግኝተናል። በሁለተኛው 74 ጨዋታ ተደርጎ 44 ነጥብ። በሦስተኛው መልስ 6 ጨዋታ ብቻ አለ፤ ያገኘነው ነጥብ ዜሮ ነው። ሲደመር 140 ነጥብ፣ 70 በመቶ። አማካዩ አልዋሸም። ነገር ግን ሦስተኛውን መልስ የሚያውቅ ተቃዋሚ ከመጣ ያ 70 በመቶ የለም፤ ያለው ዜሮ ነው።

ከጎኑ ሌላ እርምጃ አለ እንበል፤ 60 ጊዜ ብቻ የተሞከረ፣ ውጤቱ 55 በመቶ፣ ተቃዋሚው የትኛውንም ቢመልስ ከ52 በታች የማይወርድ። መጽሐፉ ለመጀመሪያው 280፣ ለዚህኛው 66 ያህል ክብደት ይሰጣል። ጥሩውን ከመጥፎው በታች ያስቀምጠዋል ማለት ነው።

ጀማ ወንዝን በበጋ መቶ ጊዜ የተሻገረ ሰው የመቶ ጊዜ ልምዱ ለነሐሴ አይሆነውም። ወንዙ ግን ሰው መጣ ብሎ ሆን ብሎ አይሞላም። የቼዝ ተቃዋሚ ሆን ብሎ ይሞላል፤ ሥራው እናንተን የሚጎዳውን መልስ ፈልጎ ማግኘት ነው። ስለዚህ በእኛ ተራ ከፍተኛውን፣ በተቃዋሚ ተራ ለእኛ ዝቅተኛውን መውሰድ እንጂ አማካይ መውሰድ ለዚህ ጨዋታ አይሠራም።

ወደ መጀመሪያው ዲ4 እና ኢ5 እንመለስ። ይህ ኤንግሉንድ ጋምቢት ይባላል። ነጭ ኢ5ን ይበላል፤ ጥቁር ፈረሱን ሲ6 ያወጣል፤ ነጭ ፈረሱን ኤፍ3፤ ጥቁር ንግሥቱን ኢ7። ነጭ ወታደሩን ሊጠብቅ ጳጳሱን ኤፍ4 ያወጣል፤ ጥቁር ንግሥቱን ቢ4 አውጥቶ ቼክ ይላል። ነጭ ጳጳሱን ዲ2 መልሶ ይከልላል፤ ንግሥቲቱ ቢ2ን ትበላለች። አሁን ነጭ ጳጳሱን ሲ3 ላይ አድርጎ ንግሥቲቱን ያጠመዳት ይመስለዋል። ጥቁር ግን ጳጳሱን ቢ4 ያመጣል፤ የነጩ ጳጳስ ታስሯል። ነጭ ንግሥቱን ዲ2 አድርጎ ቢደግፍ፣ ጥቁር ሲ3 ላይ ይበላል፣ ነጭ በንግሥት መልሶ ይበላል፣ የጥቁር ንግሥት ሲ1 ትወርዳለች። ማት ነው። ስምንት እርምጃ ብቻ።

ይህ ወጥመድ በፈጣን የኢንተርኔት ጨዋታ ብዙ ሰው በልቷል፤ እያንዳንዱ የተበላ ሰው ለኢ5 ሁለት ሁለት ክብደት ጨምሯል። መልሱ ግን ቀላል ነበር፦ ነጭ በስድስተኛው እርምጃ ጳጳሱን ሳይሆን ፈረሱን ሲ3 ቢያወጣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል፤ የጥቁር ንግሥት ጠላት ሜዳ ላይ ብቻዋን ትቀራለች፣ ነጭ በጠጠር አወጣጥ ቀድሞ ይሄዳል። ይህን የሚያውቁ ጠንካራ ተጫዋቾች ፊት ኢ5 የሚጫወት ጥቂት ስለሆነ መልሱ በክምችቱ ውስጥ በልኩ አይታይም።

ችግሩ እዚህ ላይ ሥር ይሰድዳል። ለአንድ መስመር ማርከሻው በተገኘ ማግስት ሰው መስመሩን ይተወዋል። ስለዚህ ማርከሻው በክምችቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ነው፦ ሦስት ጨዋታ፣ አምስት ጨዋታ። ከመገኘቱ በፊት የተመዘገበው የድል ብዛት ግን እንዳለ ይቀመጣል። የሞተው መስመር መጽሐፉ ውስጥ በሕይወት ይኖራል።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ ደግሞ ይብስ ያበላሻል። «ከ10 ጊዜ በታች የተሞከረ እርምጃ አውጣ» ብለን መሣሪያውን እናዛለን። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ የአጋጣሚ እርምጃዎችን ያነሳል። ነገር ግን ከላይ ባለው ምሳሌ 6 ጊዜ ብቻ የተሞከረው ሦስተኛው መልስ ተጠርጎ ይወጣል። የእኛ መጥፎ እርምጃ 280 ክብደቱን ይዞ ይቀራል፣ ማርከሻው ግን ከመጽሐፉ ይጠፋል። ተቃዋሚው ማርከሻውን ሲጫወት መጽሐፋችን «ከዚህ በኋላ አላውቅም» ይላል፤ ኢንጂኑ ማሰብ የሚጀምረው ከተሸነፈ አቋም ላይ ነው።

ማን ከማን ጋር፣ ስንት ጊዜ

አንድ እርምጃ 60 በመቶ ቢያስገኝ ጥሩ ነው? መልሱ የሚወሰነው ማን እንደተጫወተው ነው። በኢሎ ነጥብ፣ ማለትም በተጫዋቾች የጥንካሬ መለኪያ፣ ስሌት 100 ነጥብ የሚበልጥ ተጫዋች 64 በመቶ ያህል ይጠበቅበታል፤ 200 የሚበልጥ 76 በመቶ፤ 400 የሚበልጥ 91 በመቶ። እርምጃውን የተጫወቱት በአማካይ ከተቃዋሚያቸው 100 ነጥብ የሚበልጡ ከነበሩ 60 በመቶ ማለት ከሚጠበቀው 4 ነጥብ ዝቅ ብለዋል ማለት ነው። እርምጃው ጎድቷቸዋል። ፖሊግሎት ይህንን አያይም፤ ድልን ድል ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ በራሳችሁ ስክሪፕት ስትቆጥሩ ከውጤቱ ላይ የሚጠበቀውን ቀንሱ፤ የሚቀረው ልዩነት ስለ እርምጃው የበለጠ እውነት ይናገራል።

ሌላው የብዛት ጉዳይ ነው። የአንድ ጨዋታ ውጤት ከአማካዩ ወደ 0.45 ነጥብ ያህል ይዋልላል ብንል፣ 4 ጨዋታ ላይ የተመሠረተ አማካይ 22 በመቶ ያህል፣ 100 ጨዋታ ላይ የተመሠረተ 4.5 በመቶ ያህል ይወዛወዛል፤ በእርግጠኝነት ለመናገር ይህንንም እጥፍ አድርጎ ማየት ነው። በመክፈቻ ላይ በሁለት ጥሩ እርምጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ሁለት ሦስት በመቶ ነው። የፖሊግሎት ነባሪ ገደብ 3 ጨዋታ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ከሦስት ጨዋታ ምንም ማወቅ አይቻልም።

ውጤቱ ራሱም ቢሆን የመክፈቻው ላይሆን ይችላል። በ60ኛው እርምጃ ሰዓት አጥሮት የተደናገጠ ሰው የጣለው ነጥብ፣ በ5ኛው እርምጃ ለተጫወተው ፈረስ ይጻፋል።

ትንሹ ዕጣ

«መጥፎው እርምጃ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ አይወጣም» የሚል መጽናኛ አለ። በአንድ አቋም ሦስት እርምጃ ይኑር፤ ክብደታቸው 900፣ 60፣ 40። የመጨረሻው በ100 ጨዋታ 4 ጊዜ ይወጣል። በ25 ጨዋታ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ይህ በአንድ አቋም ብቻ ነው። ፕሮግራሙ በመጽሐፉ ውስጥ 12 ጊዜ ቢራመድና በእያንዳንዱ እርምጃ መጥፎ የማውጣት ዕድሉ 2 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ ከአምስት ጨዋታ አንዱን ገና ከመጽሐፉ ሳይወጣ ያበላሻል። በአንድ እርምጃ ሲታሰብ ትንሽ የሚመስለው በጉዞው ላይ ይጠራቀማል። ለውድድር ከሆነ ከምርጡ ክብደት ከሩብ በታች የሆነውን ሁሉ ማንሳት ይሻላል፤ ልዩ ልዩ መክፈቻ ለማየት ብቻ ከሆነ ግን ዕጣው ይቆይ።

ያልተበጠረ እህል

ጨዋታው ከየት እንደመጣ ሳያዩ መቁጠር የተለመደ ነው። መጀመሪያ መነሳት ያለባቸው እነዚህ ናቸው፦ ከመደበኛው አቋም ያልጀመሩ ጨዋታዎች፣ ማለትም ፌን የሚል ምልክት በራስጌያቸው ያለ፤ ከ20 የአንድ ወገን እርምጃ በታች ያለቁ (የነጭና የጥቁር እርምጃ ለየብቻ ሲቆጠር)፤ በሰዓት ወይም በመቋረጥ ያለቁ፤ ውጤታቸው በኮከብ ምልክት የተጻፈ፣ ማለትም ያልታወቀ። አንዳንድ ሰው በራሱ ስክሪፕት ሲቆጥር ኮከቡን እንደ አቻ ይወስደዋል፤ እያንዳንዱ ያልተጨረሰ ጨዋታ ክብደት ይሰጣል። ፒጂኤን-ኤክስትራክት የተባለው የዴቪድ ባርንስ መሣሪያ ይህን ማጣራትና ተደጋጋሚ ጨዋታ ማንሳት ይችላል። ያንኑ ጨዋታ ሁለት ምንጭ በተለያየ የስም አጻጻፍ ሊይዘው ስለሚችል ማነጻጸር ያለበት በስም ሳይሆን በእርምጃ ነው።

ኢንጂን ከኢንጂን እያጫወቱ የራሳቸውን ክምችት ለሚሠሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወት ያደረ ላፕቶፕ መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሲያልቅ የመጨረሻው ጨዋታ መሐል ላይ ይቆረጣል። አጫዋቹ ፕሮግራም እንደገና ሲነሳ ያንን «በሰዓት ተሸነፈ» ብሎ የሚመዘግብ ከሆነ፣ ከሽንፈት የሚማር መጽሐፍ ጥሩውን መስመር ቀጥቶ ይጥለዋል። ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ መብራት እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ በማት፣ በአቻ ሕግ ወይም በግልጽ እጅ በመስጠት ያለቀውን ብቻ ቁጠሩ።

ከራስ ጨዋታ መማር ሌላም አደጋ አለው። ኢንጂኑ የተጫወተው መጽሐፉ ያዘዘውን ነው፤ ከዚያ ጨዋታ አዲስ መጽሐፍ ሲሠራ የበፊቱ ምርጫ እንደ አዲስ ማስረጃ ተመልሶ ይገባል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በጉም ሲወርድ የፊተኛውን መኪና መብራት የሚከተል ሾፌር፣ የፊተኛው መንገዱን አውቆ ይሁን እሱም የሌላውን መብራት ተከትሎ ይሁን ማወቂያ የለውም። በመጽሐፉ ትእዛዝ የተጫወቱትን እርምጃዎች ምልክት አድርጋችሁ ከቆጠራው አውጡ፤ ኢንጂኑ በራሱ ካሰበበት ጀምሮ ያለውን ብቻ ውሰዱ።

ባይት ላይ የሚፈጠር ጥፋት

እስካሁን ያልነው የሐሳብ ስህተት ነው። የራሳችሁን መጽሐፍ ሠሪ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ይህንን በጥንቃቄ አንብቡ።

ለክብደት የተሰጠው ቦታ 2 ባይት ነው፤ ትልቁ የሚይዘው ቁጥር 65,535 ነው። በትልቅ ክምችት አንድ የመጀመሪያ እርምጃ 25,000 ድልና 15,540 አቻ ቢኖረው ክብደቱ 65,540 ይሆናል። ቁጥሩ ሳይቀነስ ከተጻፈ ዞሮ 4 ሆኖ ይቀመጣል። ከሁሉ የበለጠ የተጫወቱት እርምጃ ከሁሉ ያነሰ ክብደት ይዞ ፕሮግራሙ እንግዳ መክፈቻ ብቻ ይጫወታል፤ ስህተት የሚል መልእክት የትም አይወጣም። መፍትሔው በአንድ አቋም ያሉትን ክብደቶች ሁሉ፣ ትልቁ እስኪገባ ድረስ፣ በእኩል እየከፈሉ ማውረድ ነው። አንዱን ብቻ መቁረጥ ሚዛኑን ያዛባል።

ቁጥሮቹ ትልቁ ባይት ቀድሞ እንዲጻፍ ነው ደንቡ። አብዛኛው ላፕቶፕ በውስጡ የሚያስቀምጠው በተቃራኒው ስለሆነ ሳይገለበጥ የተጻፈ ቁልፍ ከቶ አይገኝም፤ መጽሐፉ ባዶ የሆነ ይመስላል። ቁልፉ በትክክል ተጽፎ ክብደቱ ብቻ ከተገለበጠ ይብሳል፦ 1 የነበረው 256፣ 256 የነበረው 1 ሆኖ ይነበባል።

ካስሊንግ ንጉሡ የራሱን ሩክ እንደበላ ተደርጎ ነው የሚጻፈው፤ ከኢ1 ወደ ኤች1 እንጂ ከኢ1 ወደ ጂ1 አይደለም። ኤን ፓሳን ደግሞ ቁልፉ ውስጥ የሚገባው ተራው የደረሰው ወገን የሚበላበት ወታደር አጠገቡ ካለው ብቻ ነው። ወታደር ሁለት ቤት በዘለለ ቁጥር የሚጨምር ፕሮግራም ከኢ4 ጀምሮ ቁልፉ ይለያያል፤ መጽሐፉ ከመጀመሪያው እርምጃ በኋላ ያለቀ ይመስላል። ከመጽሐፍ የወጣ እርምጃ ሁሉ ከመጫወቱ በፊት ሕጋዊነቱ ይፈተሽ።

ድግግሞሽና ልዩ ልዩ መንገድ

ቁልፉ አቋሙን እንጂ እንዴት እንደተደረሰበት አያውቅም። ስለዚህ መጽሐፉ ሦስት ጊዜ የመደጋገም ሕግን አያይም። በስፓኒሽ መክፈቻ በርሊን መከላከያ ውስጥ ታዋቂ የአቻ መስመር አለ፤ በ11ኛው እርምጃ የነጭ ንግሥት ኢ4 ሄዳ ቼክ ትላለች፣ የጥቁር ንግሥት ኢ6 ትከልላለች፣ የነጭ ንግሥት ዲ4 ትመለሳለች፣ የጥቁርም ዲ6 ትመለሳለች፤ ከዚያ እንደገና። ጠንካራ ተጫዋቾች አቻ ሲፈልጉ የሚጠቀሙበት ነው። እያንዳንዱ አቻ 1 ክብደት ስለሚጨምር መጽሐፉ መስመሩን ይወደዋል፤ ማሸነፍ የሚያስፈልገው ፕሮግራም በነጭ እዚያ ገብቶ አንዲት እርምጃ እንኳ ሳያስብ አቻ ይወጣል። ፕሮግራሙ በዚያው ጨዋታ ወደታየ አቋም የሚመልስ የመጽሐፍ እርምጃ ሲያገኝ መጽሐፉን ትቶ እንዲያስብ ማድረግ ጥቂት የኮድ መስመር ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አንድ አቋም በብዙ መንገድ ይደረሳል። ዲ4፣ ፈረስ ኤፍ6፣ ሲ4፣ ኢ6 ያለውና ሲ4፣ ፈረስ ኤፍ6፣ ዲ4፣ ኢ6 ያለው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። እርምጃውን ብቻ የሚቆጥር መጽሐፍ ባልተለመደው መንገድ የመጣውን «2 ጊዜ ብቻ የተሞከረ» ብሎ ሊጥለው ይችላል፤ የሚደርስበት አቋም ግን በሺህ ጨዋታ የታየ ነው። ከመጣላችሁ በፊት እርምጃው የሚያደርስበትን አቋም ቆጠራ እዩ።

መጽሐፉ የሚያልቅበት ቦታም ይታሰብበት። በ20 የአንድ ወገን እርምጃ ተቆረጠ ማለት አንዳንዱ መስመር ወታደር ሰጥቶ ጥቃት በጀመረ ማግስት ይቋረጣል ማለት ነው። ኢንጂኑ ጥቃቱን የማይወድ ከሆነ መልሶ ወደ መከላከል ይገባል፤ ወታደሩ ሄዷል፣ ጥቃቱም የለም።

እንዴት ይጠገናል?

እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ 2.5 ያሸነፈው የአይቢኤም የቼዝ ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ ሁለት ዓይነት መጽሐፍ ነበረው። አንዱ በዋናነት በግራንድማስተር ጆኤል ቤንጃሚን በእጅ የተሠራ፣ 4,000 ያህል አቋም ያለው ነው። ሌላው ከ700,000 ጨዋታ በራሱ የተሰበሰበ ነው። ሁለተኛው ግን በዋናነት አዛዥ አልነበረም፤ አንድ እርምጃ ስንት ጊዜ እንደተሞከረ፣ የሞከሩት ምን ያህል ጠንካራ እንደሆኑ፣ ምን ያህል ቅርብ ጊዜ እንደሆነና ምን ውጤት እንዳመጣ አይቶ በኢንጂኑ ግምገማ ላይ ትንሽ ነጥብ ይጨምር ወይም ይቀንስ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ውሳኔ የማሰቡ ነበር። ዛሬም ቢሆን በራሱ ለተሰበሰበ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም ብለን እናምናለን፦ ይምከር እንጂ አይዘዝ።

መጽሐፉ ማዘዝ ካለበት ግን በኢንጂን ማጣራት ግዴታ ነው። ለነጭና ለጥቁር ለየብቻ መጽሐፍ ሥሩ። ጥልቀቱን ከ20 እስከ 30 የአንድ ወገን እርምጃ ገድቡ። ከዚያ መጽሐፉ የሚያልቅባቸውን አቋሞች ሁሉ ዘርዝሩና እያንዳንዱን ለኢንጂን አሳዩ። 20,000 አቋም እያንዳንዱ 5 ሰከንድ ቢታሰብበት 100,000 ሰከንድ ነው፤ 28 ሰዓት ገደማ። አራት ኮር ያለው ላፕቶፕ አራት ኢንጂን በየኮሩ ቢያሠራ ወደ 7 ሰዓት ይወርዳል። እያንዳንዱ ውጤት እንደወጣ ወዲያው ፋይል ላይ ይጻፍ፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው ከዜሮ እንዳይጀምር።

በተቃዋሚ ተራ ላይ ሰዎች የሚዘሉት አንድ ደረጃ አለ። በመጽሐፉ ያሉትን መልሶች ብቻ አትመዝኑ፤ በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ አቋም ኢንጂኑ ራሱ ምርጥ ነው የሚለውን መልስ ጨምሩበት። ከክምችቱ የጠፋው ማርከሻ ተመልሶ የሚገባው በዚህ በር ብቻ ነው። ከዚያ ቁጥሩን ከጫፍ ወደ መጀመሪያ መልሱ፦ በእኛ ተራ ትልቁ፣ በተቃዋሚ ተራ ለእኛ ትንሹ። ወደራሱ የሚዞር መንገድ ሲገኝ ዜሮ ተብሎ ይያዝ። በኢንጂኑ ግምገማ ከምርጡ ከ0.30 በላይ የሚያንስ የራሳችን እርምጃ ይወገድ፤ ከቀሩት መካከል ክብደቱ የሰውን ቆጠራ ቢከተል ጉዳት የለውም። ስቶክፊሽ የተባለው ኢንጂን ከስሪት 15.1 ጀምሮ 1.00 ማለት 50 በመቶ የማሸነፍ ዕድል እንዲሆን አድርጎ ቁጥሩን ስለለካው፣ ከሌላ ኢንጂን ወይም ከድሮ ስሪት የተወሰደ ገደብ አይገጥምም።

ለፈተና ሁለት ቅጂ ያንኑ ኢንጂን አጋጥሙ፣ አንዱ በአዲሱ አንዱ በቀድሞው መጽሐፍ፣ ቀለም እየተቀያየሩ። 1,000 ጨዋታ እንኳ ውጤቱን ከ2.5 በመቶ ባልጠበበ ልዩነት ነው የሚያውቀው፤ ያም ወደ 17 የኢሎ ነጥብ ይሆናል። «50 ጨዋታ አጫውቼ አዲሱ በለጠ» ማለት ምንም አልተለካም ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ ፈጥኖ ጉድ የሚያወጣው ሌላ ዘዴ ነው፦ ፕሮግራሙ በራሱ ወገን በክብደቱ ዕጣ እያወጣ፣ በተቃዋሚ ወገን ሕጋዊ የሆነውን ሁሉ እየሞከረ፣ መጽሐፉ ውስጥ 1,000 ጊዜ ይመላለስ፤ በወጣበት ሁሉ ኢንጂኑ አቋሙን ይመዝን፤ ከዚያ በጣም የከፉትን 20 መውጫዎች ከመጀመሪያ እርምጃቸው ጋር አትሙና አንድ በአንድ በሰሌዳ ላይ ደርድሯቸው። መጥፎ መስመር ካለ ብዙ ጊዜ ከላይኞቹ አምስት ውስጥ ታገኙታላችሁ።